የማይቮር ሕዋሳት ምን ይዘው ቆሙ?

ማይቮር ሊንድማርክ እግሯ የማያርፍ ሴት ናት። በሰሜኑ ቀዝቃዛ አገር፣ ከወንዙ ላይኛው ጫፍ፣ ከእንጨት ቆራጮች መንደር፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ አንድ ሻንጣ ይዛ ወደ ከተማ ከወረደች ወዲህ አምስት ቤት ቀይራለች፣ ሁለት ባል ሸኝታለች። ሁለተኛውን የሸኘችው «ቅዳሜ ቅዳሜ እንኳ አርፈን እንዋል» ስላላት ነው ይባላል። ስትጠየቅ፣ «ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ግን ይሄኛው ይበቃል» ትላለች። በክረምት በረዶ ላይ ብስክሌት ትነዳለች። በበጋ ደግሞ ፀሐይ አልጠልቅ በምትልበት ወር፣ ሰው ሁሉ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ጋርዶ እንቅልፍ ሲለምን፣ እሷ ድንቿን ትኮተኩታለች።

ያልለቀቀችው አንድ ነገር ቢኖር ሥራዋን ነው። ወንዙ ዳር ባለ የምርምር ተቋም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሕዋስ በሚያድግበት ክፍል ሠላሳ አራት ዓመት ሠርታለች። እንዲህ ያለች ቁንጥንጥ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ እንዴት እንደቆየች ብዙ ሰው ይገርመዋል። ሥራውን ለሚያውቅ ግን አይገርምም። ሕዋስም እረፍት የሚባል ነገር አያውቅም። ገናም ይሁን እሑድ፣ በየሁለት ቀኑ ምግቡ ካልተለወጠለት ያልቃል።

ሌላም ጠባይ አለው። የሥጋ ሕዋስ ተንሳፍፎ መኖር አይችልም፤ የሚይዘው ይፈልጋል። በሰውነት ውስጥ በሕዋሳቱ መካከል የፕሮቲን መረብ ተዘርግቷል። ሕዋሳቱ ራሳቸው ፈትለው የዘረጉት ነው፤ መልሰው እሱኑ ይዘው ይቆማሉ፣ ይጎትቱታል፣ ይራመዱበታል። ሽል ውስጥ ያለ ሕዋስ ነገ ምን እንደሚሆን የሚወስነው ባብዛኛው በያዘው ነገር ነው። የሚይዘው ያጣ ሕዋስ ግን እግሩን ሰብስቦ ይድቦለቦላል፣ ይንሳፈፋል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥም ማንም ሳይነካው ራሱን በራሱ ያጠፋል።

ማይቮር ይህን አይታ አያስችላትም። የተንሳፈፈ ሕዋስ ማይክሮስኮፕ ስር ስታይ ምግብ ትለውጣለች፣ ሙቀት ታስተካክላለች፣ ሕዋሱ የሚያድግበትን ሳህን ደግማ በፕሮቲን ትቀባለች። በዚህም የተነሣ በፎቁ ላይ አንድ አባባል ተለምዶ ነበር፤ «ሕዋስ የሚኖረው በማይቮር እጅ ነው» ይባላል። የዶክትሬት ተማሪዎቹ ያጣጣሩ ሕዋሶቻቸውን የታመመ ጫጩት እንደያዘ ሰው እያቀፉ ይመጣሉ። እሷም፣ «በረሃብ ገድለሽ ነው የምታመጪልኝ? ሂጂ ከፊቴ፤ ነገ ነይ» ብላ ታባርራለች። በማግስቱ ሕዋሳቱ እግራቸውን ዘርግተው ይገኛሉ። ይህ አባባል ደስ ይላት ነበር፤ ደስ እንደማይላት ማስመሰልም ትችልበት ነበር።

በዚያ ግንቦት ጡረታ ልትወጣ አምስት ሳምንት ነበር የቀራት። ከተማሪዎቹ ሁሉ የምትወዳት ቱቫ ዶክትሬቷን ልትጨርስ ደርሳለች። ቱቫ የሠላሳ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ከደቡብ ነው የመጣችው፤ እንደ አገሯ ሰው ሁሉ ገንፎ ጉሮሮዋ ላይ የቀረ ያህል ነው የምታወራው፤ በዚህም ስድስት ዓመት ሙሉ ተቀልዶባታል። የምታጠናው በአይጥ ሽል ውስጥ የምራቅ ዕጢ እንዴት ቅርንጫፍ እንደሚያወጣ ነው። ዕጢው መጀመሪያ አንድ እንቡጥ ነው። ከዚያ ይሰነጠቅና ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት፤ በሦስት ቀን ውስጥ አበባ ጎመን ይመስላል። ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ፣ ሕዋሳቱ እርስ በርስ መያያዛቸውን ትተው እሱን እንዲይዙ የሚያደርጋቸው ፋይብሮኔክቲን የሚባል ፕሮቲን መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ቱቫ ግን እዚያው ስንጥቅ ውስጥ ገና ስም ያልወጣለት ሌላ ፕሮቲን አገኘች። በፎቁ ላይ «አሥራ ሰባት» ይሉታል። የመመረቂያ መጽሐፏ ሦስተኛ ምዕራፍ፣ ፋይብሮኔክቲን ባይኖርም አሥራ ሰባት ብቻውን ሕዋሳቱን ይይዛል ይላል። ሥራዋን የሚመራው ፕሮፌሰር ቶርኬል ይህን ምዕራፍ ስብሰባ ላይ ሲያነሳ ከኩራት የተነሣ ድምፁ ይለወጥ ነበር።

በዚያ አገር ልማድ የመመረቂያ መጽሐፍ ከፈተናው ሦስት ሳምንት በፊት በመዶሻና በሚስማር ይቸነከራል። በዋናው መግቢያ ላይ ለዚሁ የቆመ የእንጨት ሰሌዳ አለ፤ ተማሪው መጽሐፉን በራሱ እጅ ይመታዋል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ አረንጓዴ ኬክ ይቆረጣል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ መጽሐፉ የሁሉ ነው፤ አይጨመርበትም፣ አይፋቅበትም። የቱቫ ችንከራ ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ ነበር።

ከዚያ በፊት ባለው ዓርብ መጽሐፎቹ በካርቶን መጡ። ቱቫ አንዱን ይዛ ወደ ሕዋስ ክፍሉ ሮጠች።

«እንኪ፣ የመጀመሪያዋ ያንቺ ናት።»

«ምን ትሠራልኛለች? የትኩስ ድስት ማስቀመጫ?»

«እሱንም ትሆናለች። ደረቅ ናት፤ አይተሽ ጣያት።»

መቼም የመመረቂያ መጽሐፍ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው የምስጋናውን ገጽ ነው፤ ከዚያ አልፎ የሚያነብ ካለ ዘመድ አይደለም ማለት ነው። ማይቮርም ቱቫ እስክትወጣ ጠብቃ ገለጠችው። «እጄ ተሰብሮ ሳለ እጇን ላዋሰችኝ ለማይቮር» ይላል። አፍንጫዋን ጠረገች። ባለፈው ዓመት በየካቲት ቱቫ በረዶ ላይ ተንሸራታ አንጓዋ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት በጀሶ ታስራ ነበር፤ የአሥራ ሰባትን ሙከራ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሠራችው ማይቮር ናት። እናም ደስታው ገፋፍቷት፣ በዕድሜዋ አንብባው የማታውቀውን የአሠራር ገጽ አውጥታ የእጇን ሥራ ፈለገች።

«ኢንዛይሙ በአኩሪ አተር ማርከሻ ቆሞ፣ ሕዋሳቱ ሦስት ጊዜ ታጥበው» ይላል።

እዚያ ላይ ቆመች። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ወገቧን የያዛት ይመስል ቀስ ብላ መጽሐፉን ዘጋችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕዋስን ከሳህን ለማንሣት የያዘውን የሚቆርጥ ኢንዛይም ይፈስበታል። ኢንዛይሙ ቶሎ ካልቆመ ሕዋሱንም ይበላዋል። ድሮ የሚያቆሙት ከጥጃ ደም የሚወጣውን ሴረም ጠብ አድርገው ነበር። ሴረም ግን ፋይብሮኔክቲን ሞልቶታል። ስለዚህ ለቱቫ ሙከራ ሴረም ክልክል ነው፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ማርከሻ ብቻ ነው የሚፈቀደው። በዚያ የካቲት ማርከሻው አልቆ፣ የታዘዘውም ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ነበር። ሕዋሳቱ ደግሞ ደርሰዋል፤ ጠብቁ ቢባሉ አይጠብቁም። የማይቮር እጅ እሷን ሳያማክር ወደ ሴረሙ ጠርሙስ ሄደ። ጠብ አደረገች፣ በማሽን አሽከረከረች፣ አጠበች። አንድ ጊዜ። በደብተርም አልጻፈችውም፤ ሰው ትንፋሽ ወሰድሁ ብሎ አይጽፍማ።

እንግዲህ ሕዋሳቱ የያዙት አሥራ ሰባትን ነው ወይስ ከጥጃው ደም ተጣብቆ የመጣውን ፋይብሮኔክቲን? ይህ ጥያቄ ከሆዷ ገባና አልወጣ አለ።

ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌቷን ይዛ ወደ ድልድዩ ወጣች፤ መንገዱን ጨርሳ ተመለሰች፤ እንደገና ወጣች። በሦስተኛው ዙር እግሯ ወደ ተቋሙ ወሰዳት። ሕዋስ በርዶ ከሚቀመጥበት የናይትሮጂን በርሜል አንድ ብልቃጥ የቱቫን ሕዋስ አውጥታ በረዶውን አቀለጠች። ለማንም አልተናገረችም። እሑድ መጥታ አበላቻቸው፤ ሰኞ ከሥራ ሰዓት በፊት መጥታ አየቻቸው፤ በየሰዓቱ የሙቀት ሳጥኑን በር እየከፈተች «ደረሳችሁ? ደረሳችሁ?» ስትል ክፍሉን የሚያጸዳው ሰው ሰምቷት ፈገግ አለ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፎቁ ሁሉ ለእረፍት ክብ ጠረጴዛው ዙሪያ ተሰበሰበ። በዚህ አገር አለቃም ሠራተኛም አንተና አንቺ ነው የሚባባለው፤ ቀልዱም እንደዚያው ያለ ማዕረግ ነው።

«ማይቮር» አለ ቶርኬል የቀረፋ ዳቦውን እየቆረሰ፤ «ጡረታ ስትወጪ ምን እንሸልምሽ? የሚወዛወዝ ወንበር ይሻላል?»

«ለራስህ ግዛ። አንተ ነህ ስብሰባ ላይ የምታንቀላፋው።»

ሰው ሳቀ። ማይቮር ሳቁ እስኪያልፍ አልጠበቀችም። «እኔ የምልህ፣ መጽሐፍ ከተቸነከረ በኋላ ስህተት ቢገኝበት ምን ይደረጋል?»

«ስህተት የሌለበት የታለና! እኔ በራሴ መጽሐፍ ላይ የእናቴን ስም አሳስቼ አሳትሜያለሁ። እስክትሞት አልማረችኝም።»

እንደገና ተሳቀ። ቱቫም ሳቀች፤ ግን ዳቦዋን አልነካችውም። ማይቮር ያን ጊዜ ልብ ብላ ብታይ ኖሮ ጥሩ ነበር። እሷ ግን የራሷ ጉድ ስለፈላባት የሰው ፊት የምታይበት ጊዜ አልነበራትም።

ማክሰኞ ሕዋሳቱን አነሣች። ግማሾቹን እንደ የካቲቱ በሴረም አቆመች፣ አንዴ አጠበች። ግማሾቹን በማርከሻው አቆመች፣ ሦስት ጊዜ አጠበች። ሁለቱንም በአሥራ ሰባት በተቀቡ ሳህኖች ላይ አፈሰሰችና ወደ ሙቀቱ መለሰቻቸው።

ረቡዕ ጠዋት ኮቷን ሳታወልቅ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋች። ሴረም የነካቸው ሕዋሳት እግራቸውን ዘርግተው፣ ሳህኑን ጭምድድ አድርገው ይዘው ተኝተዋል። ሦስት ጊዜ የታጠቡትን አስገባች። ክብ ክብ ናቸው፤ ያበራሉ። የሳህኑን ጠርዝ በጥፍሯ መታ ስታደርገው ሁሉም ባንድ ላይ ዋኙ። አንዳቸውም አልያዙም፤ አሥራ ሰባት ብቻውን አይይዝም ማለት ነው። ማይቮር ብድግ ብላ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው፤ ለምን እንደቆለፈችው ግን እሷም አታውቅም። አፈረች። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ያን ቀን ዝም ለማለት ቆረጠች። ማን ያነበዋል? አምስት ሰው። ልጅቷ ስድስት ዓመት ለፍታለች፤ ካርቶኖቹ መጥተዋል፤ ኬኩ ታዟል። እሷም ብትሆን አምስት ሳምንት ታግሣ አበባዋን ተቀብላ መሄድ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሌላ ሰው ከዓመታት በኋላ ያጥራው። ይህን ሁሉ ለራሷ እየነገረች ቤቷ ሄዳ የአራቱን ክፍል መስኮት አጠበች፤ ከዚያ የጎረቤቷን መስኮት ታጥብላት እንደሆነ ሄዳ ጠየቀቻት። ጎረቤቷ አሟት እንደሆነ ጠየቀቻት።

ሐሙስ ሦስት ጊዜ ወደ ቱቫ ጠረጴዛ ሄደች። መጀመሪያ መቀስ ተዋሰች። ቀጥሎ መቀሱን መለሰች። በሦስተኛው ሰበብ አጥታ ቆማ ቀረች።

«ምን ሆነሻል ዛሬ?» አለች ቱቫ። «ደግሞ መቀስ ነው?»

«አይ፣ ነገ ምን እንደምትለብሺ ልጠይቅሽ ብዬ ነው።»

«ማይቮር! አንቺ ስለ ልብስ?»

«ተዪው በቃ» ብላ ወጣች።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ማይቮር ቱቫን ከሕንጻው ጠጋኝ የተዋሰችውን መዶሻ ይዛ በኮሪደሩ ስታልፍ አየቻት። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ከቀሚሱ በላይ ግን ፊቷ የተደሰተ ሰው ፊት አልነበረም። ማይቮር ያን ፊት ስታይ አሰብኩት ያለችው ሁሉ ጠፋት።

«ነይ እስቲ፤ አንድ ነገር እይልኝ።»

«አሁን? ሚስማር እየፈለግሁ ነው።»

«አሁን።»

ቱቫ መዶሻውን ይዛ ገባች። ሁለቱን ሳህኖች ተራ በተራ አየቻቸው። ሁለተኛው ላይ ብዙ ቆየች። ማይቮርም አጠገቧ ቆማ፣ አንዱን እግሯን አንሥታ ሌላውን እየጣለች፣ የየካቲቱን ነገር ሁሉ ዘረገፈችው፤ ያለቀውን ማርከሻ፣ ሴረሙን፣ አንዷን እጥበት፣ ያልተጻፈውን። «የኔ ጥፋት ነው። ያንቺ አንድም ነገር የለበትም። እኔው ለቶርኬል እነግረዋለሁ» አለች።

ቱቫ ከማይክሮስኮፑ ቀና አላለችም።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ካለፈው ዓርብ ጀምሬ ጠርጥሬያለሁ። ረቡዕ አረጋገጥሁ።»

«እኔ ጥቅምት ላይ ነው ያየሁት።»

«ምኑን?»

«ይሄንን።» በጣቷ ሳህኑን መታች። «ለመጽሐፉ የተሻለ ፎቶ ላንሣ ብዬ ደገምኩት። ሦስት ጊዜ። ሁልጊዜ ተንሳፈፉ። እንደ ተጻፈው ነው የሠራሁት፤ በማርከሻ፣ ሦስት እጥበት። ሞቱብኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?» አሁን ቀና አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ሕዋስ የሚኖረው በማይቮር እጅ ነው አይደል የሚባለው? አንቺ ስትሠሪው ቆሙ፣ እኔ ስሠራው ሞቱ። ማንን ልመን? አንጓዬ በደንብ አልገጠመም፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ አልቻልኩበትም አልኩ። ደብተሬ ላይ "የኔ ስህተት" ብዬ ጽፌ ዘጋሁት። ያንቺን አስገባሁ።» ከዚያም ጨመረች፦ «ስቶክሆልም ሥራ ይዣለሁ። ከነሐሴ ጀምሮ። ቢሮ ነው፤ ወረቀት መመርመር። ላብራቶሪ የሌለበት ፈልጌ ነው ያገኘሁት።»

ማይቮር አንድ ምዕራፍ አበላሸሁ ብላ ነበር ስትጨነቅ የሰነበተችው። ለካ ልጅቷንም ከሥራዋ ነቅላት ኖሯል፤ ያውም በገዛ ስሟ ዝና ብቻ። እጇን ወደ ቱቫ ትከሻ ላከችና መንገድ ላይ መለሰችው።

ወደ ቶርኬል አብረው ሄዱ። ቶርኬል የችንከራውን ንግግር እየተለማመደ ነበር። ቆሞ ሰማቸው፣ ከዚያ ተቀምጦ ሰማቸው። መጀመሪያ የዞረው ወደ ቱቫ ነው።

«ሦስት ጊዜ አይተሽ ዝም አልሽኝ?»

«አዎ።»

«ይሄ ከማይቮር ጥፋት ይብሳል። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

ወደ ማይቮር ዞረ። «እርግጠኛ ነሽ?»

ማይቮር ትንፋሿን በጥርሷ መሀል ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች፤ በሰሜን አዎ የሚባለው እንዲህ ነው።

«ለኔ የሚከብደኝ» አለ ቶርኬል መነጽሩን አውልቆ፤ «አንቺ ተሳሳትሽ ብሎ ማመኑ ነው። ከመጣሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ እጅሽን ተጠራጥሬ አላውቅም።»

«ችግሩም እሱ ነው» አለች ማይቮር። «ብትጠራጠረኝ ኖሮ ይቺ ልጅ ጥቅምት ላይ በርህን ታንኳኳ ነበር።»

ቶርኬል ይህን ሲሰማ ጆሮው ቀላ። መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። ከዚያ፣ «ችንከራ የለም» አለ። «ሙከራው በነጭ ወረቀት ላይ እንደ አዲስ ይጀመራል። ውጤቱ የሚያመጣውን እናያለን። ምናልባት ስድስት ወር፤ ምናልባትም ዓመት። ስቶክሆልም የሚጠብቁሽ እንደሆነ ጠይቂያቸው።»

ሰባት ሰዓት ላይ ሠላሳ የሚያህል ሰው በሰሌዳው ዙሪያ ቆሞ ነበር። ቱቫ መዶሻውን እንደያዘች ፊታቸው ቆማ፣ በዚያ ገንፎ በሚያፍነው ድምፅዋ፣ «ሦስተኛው ምዕራፍ ልክ አይደለም። ዛሬ አይቸነከርም። ኬኩን ግን ብሉት» አለች። ማንም አልሳቀም። ማይቮር ልትናገር ከኋላ ስትጋፋ ቱቫ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች፤ አትምጪ ማለቷ ነበር። ሰው እያንሾካሾከ ኬኩን በላ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ማይቮር ፈቃድ ወስዳ ቤቷ ነበረች። እረፍት አልነበረም፤ ከክፍል ወደ ክፍል ስትዞር ነው የሰነበተችው። ስልኩ ጮኸ።

«ሕዋስ ክፍል ነኝ» አለች ቱቫ። «አንሥቻቸዋለሁ። ማርከሻውን ስንት ደቂቃ ላቆየው?»

«የጥቅምቱ ደብተርሽ ምን ይላል?»

«አምስት።»

«እንግዲያው አምስት ነው።»

ከቱቫ ኋላ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል። «ማወቁንማ አውቀዋለሁ» አለች ቱቫ። «መጥተሽ አጠገቤ ብትቆሚ ብዬ ነው።»

ማይቮር አንድ እጇን የኮቷ እጅጌ ውስጥ አስገብታ ነበር፤ መቼ እንዳስገባችው አላወቀችም። የብስክሌቱ ቁልፍም እጇ ላይ ነው። በአሥራ ሁለት ደቂቃ ትደርሳለች። መሄድ ፈለገች፤ በዕድሜዋ አንድም ነገር እንዲህ ፈልጋ አታውቅም።

«አልመጣም» አለች። «አጠገብሽ ከቆምኩ እጄ ይገባል።»

«ነገ ቢንሳፈፉስ?»

«ተንሳፈፉ ብለሽ ጻፊ።»

«ሁሉም ይሞታሉ እኮ፣ ማይቮር። ተቀምጦ ሲሞቱ ማየት እንዴት እንደሚያስጠላ ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አልቻልኩትም። አንቺ ቻይው» አለች፤ ቱቫ የምትመልሰውንም ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋች።